በፈረንጆች ገና ከካልጋሪ እስከ ሬቭልስቶክ፦ ስለ ስኪ ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች ከካልጋሪ መኪና ይዘው የሮኪ ተራሮችን አቋርጠው ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ለሚሻገሩ ቤተሰቦችና ጓደኛሞች የተዘጋጁ ናቸው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ስኪው ነው። ጉዞ የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ስለሆነ እሱ ላይ ሰፋ አድርገን ጽፈናል።

መስመሩ የትኛው ነው?

ትራንስ ካናዳ የሚባለው 1 ቁጥር አውራ ጎዳና ነው። ከካልጋሪ ባንፍ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባንፍ ሌክ ሉዊዝ 58፣ ከሌክ ሉዊዝ ጎልደን 85 ያህል፣ ከጎልደን ሬቭልስቶክ 148 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ አንድ መንገድ ላይ አምስት የስኪ ተራሮች ይገኛሉ፦ ኖርኬይ፣ ሰንሻይን፣ ሌክ ሉዊዝ፣ ኪኪንግ ሆርስ እና ሬቭልስቶክ። መንገዱ ደረቅ ሲሆን ዳር እስከ ዳር በአምስት ሰዓት ግድም ይነዳል። በረዶ በሚጥልበት ቀን ግን ያው መንገድ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ስንት ቀን ያስፈልጋል? ስንት ተራራስ ይበቃል?

ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን፣ ሦስት ማደሪያ ቦታ። ከዚያ በላይ ማደሪያ መቀያየር አንመክርም። በዲሴምበር መጨረሻ የቀኑ ብርሃን ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ተጫዋቹን ወደ ተራራው የሚያወጡት ሊፍቶችም ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዘጋሉ። ሻንጣ ሲጫን፣ ቡት ሲፈለግ፣ መኪና ላይ ያደረው በረዶ ሲጠረግ ጠዋቱ ያልቃል። ስለዚህ ማደሪያ የተለወጠበትን ቀን የስኪ ቀን ብላችሁ አትቁጠሩት።

የሚሠራው አደላደል ይህ ነው፦ ባንፍ ወይም ካንሞር ሦስት ሌሊት፣ ጎልደን ሁለት ሌሊት፣ ሬቭልስቶክ ሁለት ሌሊት፣ በመመለሻው እንደገና ካንሞር ወይም ካልጋሪ አንድ ሌሊት። ይህችን የመጨረሻዋን ሌሊት ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ አትሰርዟት። ከሬቭልስቶክ ተነስቶ በዚያው ቀን አውሮፕላን ለመያዝ ማሰብ ትኬቱን ለዕድል መስጠት ነው፤ በመሃል ያለው የሮጀርስ ፓስ መተላለፊያ አንዳንዴ ያለ ብዙ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል።

ባንፍን ያስቀደምነው በምክንያት ነው። እዚያ ያሉት ተራሮች ከፍ ያሉ ስለሆኑ በገና ሰሞንም በረዶው አስተማማኝ ነው፤ የሰንሻይን መንደር ብቻ 2,160 ሜትር ላይ ነው። የሬቭልስቶክ ግርጌ ግን 512 ሜትር ላይ ስለሚገኝ በዲሴምበር የታችኛው ክፍል ሊሳሳ፣ ዝናብም ሊመታው ይችላል።

የትኞቹ ቀኖች ይሻላሉ?

ከዲሴምበር 20 እስከ 25 ያለው ከሚቀጥለው ሳምንት ይልቅ ጸጥ ይላል። ዲሴምበር 25 ሊፍቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ፤ ሰውም ቤቱ ስለሚሰበሰብ ጠዋቱ ከሳምንቱ ሁሉ ሰልፍ የሌለበት ይሆናል። ትልቁ ጭንቅንቅ ከ27 እስከ ጃንዋሪ 2 ነው።

የእኛን ገና ታሳቢ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ሌላ ጥሩ ዕድል አለው። ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ባሉት የጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንታት የማደሪያ ዋጋ ይወርዳል፣ በረዶው ይጨምራል፣ ሰልፉም ይቀላል። ልጆች የሌሏችሁ ከሆነ፣ ታኅሣሥ 29ን ከቤተሰብ ጋር አክብራችሁ ከዚያ ብትነሱ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው።

ማደሪያ መቼ ይያዝ?

እስከ ኦገስት ወይም ሴፕቴምበር ድረስ። በገና ሳምንት ብዙ ቦታዎች ከሦስት እስከ አምስት ሌሊት ካልያዛችሁ አይቀበሉም፤ የመሰረዣ ቀነ ገደባቸውም ከሌላው ጊዜ ይረዝማል። ካንሞር ከባንፍ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ብዙውን ጊዜም ዋጋዋ ይቀንሳል። በጎልደን ደግሞ ተራራው ላይ ካለው ማደሪያ ይልቅ ከተማው ውስጥ ያሉት ሞቴሎች ለኪስ ይቀላሉ።

የተከራየነው መኪና ባለ አራት ጎማ ድራይቭ ነው። አይበቃም?

አይበቃም። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ ለማቆምና ለመታጠፍ ግን ሁሉም መኪና አራቱንም ፍሬን እኩል ነው የሚይዘው። የሚያቆማችሁ የጎማው ላስቲክ ነው። ተራው ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ይሄዳል፤ የበረዶ ጎማ ግን ለስላሳነቱን ጠብቆ አስፋልቱን ይይዛል።

በሕጉ በኩል አልበርታ በአጠቃላይ የበረዶ ጎማ አታስገድድም። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግን ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 በተራራ መተላለፊያዎች ላይ ታስገድዳለች። ጎማው ጎን ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ወይም ቢያንስ ኤም እና ኤስ የሚሉ ፊደሎች ሊኖሩት፣ ጥርሱም ከ3.5 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ያለዚህ የተገኘ ሰው 121 ዶላር ይቀጣል፣ ወደ መጣበትም ሊመለስ ይችላል።

ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ካልጋሪ ላይ የሚከራዩ ብዙ መኪኖች የሚመጡት ኤም እና ኤስ ብቻ በተጻፈበት የሁሉም ወቅት ጎማ ነው። ሕጉን ያሟላል፤ በእርጥብ በረዶ ላይ ግን እምነት አይጣልበትም። ስትከራዩ ባለ ተራራ ምልክቱን ጎማ ጠይቁ፣ በጽሑፍም አረጋግጡ። ቁልፉን ስትረከቡ ጎንበስ ብላችሁ አራቱንም ጎማዎች እያንዳንዳቸውን እዩ፤ ሁለቱ የበረዶ፣ ሁለቱ ተራ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ መኪና ከፊት ሲይዝ ከኋላ ስለሚሸሽ አትቀበሉት።

ሮጀርስ ፓስ ለምን ይዘጋል? ሲዘጋስ ምን እናድርግ?

ሮጀርስ ፓስ በጎልደንና በሬቭልስቶክ መካከል፣ 1,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ መተላለፊያ ነው። ከሁለቱም ወገን ቀጥ ያሉ ተራሮች ስላሉ የበረዶ ናዳ በቀጥታ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ናዳው በራሱ ጊዜ መኪና ላይ እንዳይወርድ የፓርኩ ባለሙያዎች መንገዱን ይዘጉና የካናዳ ጦር በ105 ሚሊ ሜትር መድፍ ተራራውን ይመታል። የተናደው ከተጠረገ በኋላ መንገዱ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ከባድ በረዶ ሲጥል ግን ሌሊቱን ሙሉ ወይም ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

ሲዘጋ አቋራጭ የለም። ካርታው ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መንገዶች የደን መንገዶች ናቸው፤ በዲሴምበር አይጠረጉም፣ ስልክም አይሠራባቸውም። የስልኩ መሪ ወደዚያ ቢመራችሁ እንኳ አትግቡ። በደቡብ በኩል በ3 ቁጥር መንገድ የሚዞረው ደግሞ ሙሉ ቀን ይበላል። ትክክለኛው ነገር ጎልደን ወይም ሬቭልስቶክ ላይ መቀመጥ ነው፤ እዚያ ምግብም አልጋም አለ።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገድ ሁኔታ የሚነግሩትን ድረ ገጾች፣ ለብሪቲሽ ኮሎምቢያ ድራይቭ ቢሲን፣ ለአልበርታ 511 አልበርታን ተመልከቱ። ማታ አንድ ጊዜ፣ ጠዋት አንድ ጊዜ። ለናዳ ማጽጃ የታቀደ መዘጋት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ስለሚለጠፍ ሰዓታችሁን በእሱ ማስተካከል ትችላላችሁ። ነዳጅ ጎልደን ላይ ሙሉ፤ በ148ቱ ኪሎ ሜትር ውስጥ ማደያ አገኛለሁ ብላችሁ አትነሱ። የስልክ ኔትወርክም ለረጅም ርቀት ስለሚጠፋ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱት።

ስትነዱ መኪናው ፍጥነቱን በራሱ እንዲይዝ የሚያደርገውን ቁልፍ አጥፉ፤ ጎማው ሲያንሸራትት ሞተሩ ጉልበት ጨምሮ ይብሱን ያዞረዋል። የፊት መብራቱን በእጃችሁ አብሩ፤ በብዙ መኪኖች የቀን መብራቱ ብቻ ሲበራ የኋላው አይበራም፣ በበረዶ ብናኝ ውስጥ ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪናም አያያችሁም። ናዳ ለመከላከል በተሠሩት ጣሪያ ያላቸው መተላለፊያዎች አፍ ላይ ደግሞ ፍጥነት ቀንሱ፤ መንገዱ በአንድ ጊዜ ከበረዶ ወደ ደረቅ፣ ከደረቅም ወደ ውሃ መሰል በረዶ የሚለወጥበት ቦታ ነው።

መንገድ ላይ ታግተን ብንቀርስ?

ከመኪናው አትውረዱ። የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን እያያችሁ ሞተሩን በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ፣ አንድ መስኮትም በጣት ስፋት ክፈቱ። የታፈነ ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ሆኖ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ተኝተው የቀሩ ሰዎች አሉ። በመኪናው ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድና የሚበላ ነገር ይኑር።

ጠዋት 30 ከዜሮ በታች ቢሆን መኪናው ይነሳል?

በእነዚህ ተራሮች ይህ ያልተለመደ አይደለም። በመኪናው ፊት ለፊት ሶኬት ተንጠልጥሎ ካያችሁ የሞተር ማሞቂያ አለው ማለት ነው፤ ከመነሳታችሁ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ኤሌክትሪክ ላይ ይሰካል። ማደሪያ ስትይዙ መኪና ማቆሚያው መሰኪያ እንዳለው ጠይቁ። የመስታወት ማጠቢያው ፈሳሽ እስከ 40 ከዜሮ በታች የሚቋቋም መሆን አለበት፤ ሌላው መስታወቱ ላይ ይረጋና ማየት ያቅታችኋል። የጎማ ነፋስም ከብርዱ ጋር ስለሚቀንስ የማስጠንቀቂያ መብራት ቢበራ ማደያ ላይ ሙሉት።

መስታወት ላይ የፈላ ውሃ አታፍስሱ፤ ይሰነጠቃል። የጣሪያውን በረዶ ሙሉ በሙሉ ጥረጉ፤ ከርቀት የማይጎዳ የሚመስለው ክምር ፍሬን ስትይዙ በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ የፊት መስታወቱን ይከድነዋል።

የሊፍት ትኬት እንዴት ይረክሳል?

በዚያው ቀን ከመስኮት አለመግዛት ነው። በገና ሰሞን የአንድ ቀን ትኬት በትልልቆቹ ተራሮች ለአዋቂ ከ150 ዶላር በላይ ይሄዳል። በኦንላይን ቀድሞ መግዛት ይቀንሰዋል፤ ከአራት ቀን በላይ ለሚጫወት ደግሞ ፓስ፣ ማለትም በብዙ ተራሮች ለብዙ ቀን የሚያገለግል ትኬት፣ ያዋጣል።

አምስቱንም የሚይዝ አንድ ፓስ የለም። አይኮን ፓስ ሰንሻይንን፣ ሌክ ሉዊዝን፣ ኖርኬይንና ሬቭልስቶክን ይይዛል፤ ረከስ ያለው ቤዝ የሚባለው ግን ከገና ማግስት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባሉት ቀኖች ስለማይሠራ ሳያነቡ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ማውንቴን ኮሌክቲቭ በሰንሻይን፣ በሌክ ሉዊዝና በሬቭልስቶክ ሁለት ሁለት ቀን ይሰጣል፣ የተከለከለ ቀንም የለውም። ለዚህ ጉዞ እኛ የምናስቀድመው እሱን ነው። ኪኪንግ ሆርስ በሌላ ፓስ፣ በኤፒክ ፓስ በኩል ስለሆነ ለዚያና ለኖርኬይ የቀን ትኬት ግዙ። ፓሶቹ የሚሸጡት ወቅቱ ሳይጀምር ነው፤ በዲሴምበር አጋማሽ ብትፈልጉ አታገኙም።

ጀማሪ ልጆች የት ይማሩ?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኖርኬይ ወይም ሌክ ሉዊዝ። ኖርኬይ ለባንፍ ከተማ ቅርብ፣ ትንሽና የማይጠፉበት ነው። ሌክ ሉዊዝ ደግሞ ግርጌው ላይ ሰፊ የጀማሪ ሜዳ አለው። የገና ሳምንት የትምህርት ቦታ ስለሚሞላ ከትኬቱ በፊት ትምህርቱን ያዙ።

ኪኪንግ ሆርስና ሬቭልስቶክ ለጠንካራ ተጫዋች የተሠሩ ናቸው። የሬቭልስቶክ ቁልቁለት ከላይ እስከ ግርጌ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,713 ሜትር ሲሆን በሰሜን አሜሪካ የሚስተካከለው የለም። አረንጓዴ ምልክት ያለው መስመር ቢኖርም 15 ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም ገና ፍሬን መያዝ የሚማር ልጅ መሃል ላይ እግሩ ይዝላል። አረንጓዴ ቀላል፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ ነው፤ ግን የአንዱ ተራራ ሰማያዊ የሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል።

እግሬ ለምን ይቀዘቅዛል? ቡቱስ ለምን ያሳምማል?

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ካልሲ ነው። ሁለት ካልሲ ሲደረብ ደም መዘዋወሩ ይታነቅና ከአንድ ቀጭን የሱፍ ካልሲ ይልቅ እግሩ ይበርዳል፤ እጥፋቱም ያቆስላል። ቡት ስትከራዩ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣቶቻችሁ ጫፉን በስሱ መንካት፣ ጉልበታችሁን ወደ ፊት ስታጥፉ ደግሞ ሸሸት ማለት አለባቸው። ጉልበት ታጥፎም የሚጫን ከሆነ ጠቧል፤ ተረከዙ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ሰፍቷል። የውስጥ ሱሪው ከቡቱ አፍ በላይ ይቁም፤ ቡቱ ውስጥ ካልሲ እንጂ ሌላ ጨርቅ አይግባ።

ቡቱን መኪና ውስጥ አታሳድሩት። ፕላስቲኩ በብርድ ስለሚደርቅ ጠዋት እግር ማስገባት ትግል ይሆናል። ከቆዳ የሚነካ ልብስ ጥጥ አይሁን፤ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል። ልጆች ጉንጫቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ ወዲያው ወደ ቤት ውስጥ አስገቡ፣ አትሹት። ከፍታው ከአዲስ አበባ የመጣን ሰው ብዙም አያስቸግረውም፤ የሚፈትነው ብርዱና የአየሩ ድርቀት ነው።

ጾም ላይ ነን። እዚያ ምን እንበላለን?

ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ እኛ ገና ስለሚዘልቅ የፈረንጆቹ ገና ሁልጊዜ በጾም ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ኩሽና ያለው ማደሪያ ያዙ። እንጀራውን ከካልጋሪ አጣጥፋችሁ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ የተቀመመ ሽሮና የተከካ ምስር ይዛችሁ ሂዱ። ዲሴምበር 24 ሱቆች ቀድመው ይዘጋሉ፣ 25 ደግሞ አብዛኞቹ አይከፍቱም፤ የሁለት ቀን አስቤዛ በ23 ይጠናቀቅ።

ተራራው ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች ድንች ጥብስ፣ ስጋ የሌለበት ባቄላ ወጥና አጃ አላቸው፤ ቅቤና ወተት መኖሩን ግን ጠይቁ፣ ድንቹም ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ሊጠበስ ይችላል። ለኪስ ከዳቦ ቆሎና ከቆሎ የሚሻል የለም፤ እንደ ቸኮሌት በብርድ ድንጋይ አይሆኑም።

እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት በባዶ ሆድ ስኪ ባይወጣ እንመርጣለን። ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ከምግብ ነው፤ የደከመ እግርም ነው የሚሰበረው። ለግማሽ ቀን የሚያገለግል ትኬት የሚሸጡ ተራሮች ስላሉ ጠይቁ። ሌላ ነገር፦ ማደሪያው ውስጥ ቡና ስትቆሉና ዕጣን ስታጨሱ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። የተቆላ ቡና ይዞ መሄድ ይሻላል።

ከገመድ ውጭ ያለው ንጹሕ በረዶ ይጋብዛል። ችግሩ ምንድን ነው?

የስኪውን ክልል ወሰን የሚያሳየው ገመድ የተሳበው ከእሱ ወዲያ ያለው ቦታ ከናዳ ነጻ መሆኑ ስላልተረጋገጠ ነው፤ አትሻገሩ። ገመዱ ውስጥም ቢሆን ከዛፍ ግርጌ ራቁ። የጥዱ ቅርንጫፍ በረዶውን ስለሚከለክለው በግንዱ ዙሪያ ልል ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ሰው በጭንቅላቱ ከገባበት በራሱ መውጣት አይችልም፣ በደቂቃዎችም ይታፈናል። በዛፎች መካከል ስትሄዱ ሁለት ሁለት ሁኑ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ የዱላውን ማሰሪያ ከእጃችሁ አውጡ፣ ፉጨት አንገታችሁ ላይ አድርጉ። በዲሴምበር ደግሞ በረዶው ገና ስላልጠለቀ ጉቶና ድንጋይ ከሥሩ ተደብቋል።

ስኪ የማይጫወቱ ሰዎች ምን ያደርጋሉ?

በሌክ ሉዊዝ ሐይቅ ላይ ስኬቲንግ፣ በኖርኬይ በጎማ መንሸራተት፣ በጆንስተን ካንየን ወደ ቀዘቀዙት ፏፏቴዎች የእግር ጉዞ። ለመጨረሻው ከጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ተከራዩ፤ መንገዱ መስታወት ይሆናል።

የፓርክ ክፍያ አለ?

ባንፍ፣ ዮሆ እና ግሌሸር ብሔራዊ ፓርኮች ናቸው። ሳይቆሙ በ1 ቁጥር ለሚያልፍ አይጠየቅም፤ ለሚያድርና ስኪ ለሚወጣ ግን የፓርክ ማለፊያ ያስፈልጋል።

ወደ ጃስፐርም እንሻገር?

በዚህ ጉዞ አይጨመር። የአይስፊልድስ መንገድ ከሌክ ሉዊዝ እስከ ጃስፐር ከ230 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ወቅት ነዳጅም ስልክም አይገኝበትም፣ ሌሊት አይጠረግም፣ የበረዶ ጎማም በሕግ ግዴታ ነው።

ኢንሹራንስስ?

የአልበርታ የጤና ካርድ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሆስፒታል ያገለግላል፤ አምቡላንስ ግን በአብዛኛው አይሸፍንም። ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ካላችሁ የጉዞ ኢንሹራንሱ ላይ ስኪ በስም መጠቀሱን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ካልተጠቀሰ አይከፍሉም። ሄሊኮፕተር ካስፈለገ ሂሳቡ ከጉዞው ሁሉ ይበልጣል።